ከውጭ የተላከ ክፍያ መቼ የእኛ ይሆናል? ለኦንላይን ፍሪላንሰሮች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ከግብዣችሁ ጋር የደረሰኝ ጥያቄ «ከውጭ ደንበኛ ገንዘብ ለመቀበል የሚሻለው መንገድ የቱ ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ሲቀርብ የአንድ ድርጅት ስም ጠርቶ መቀመጥን ስለሚጋብዝ በሦስት ከፍዬ ላየው እወዳለሁ። አንድ ክፍያ ከደንበኛው ሂሳብ ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በማን በማን እጅ ያልፋል? እያንዳንዳቸውስ ምን ያህል ይቆርጣሉ? ከደረሰ በኋላስ እስከ መቼ ድረስ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው የሚሻለውን መንገድ ራሱ ይመርጣል። ምርጫው የሚደረገውም ዋጋ በሚነጋገሩበት ጊዜ ነው፤ ሥራው ከተረከበ በኋላ የክፍያ ወጪ ማን ይሸፍን ብሎ መከራከር ብዙ ጊዜ ለፍሪላንሰሩ አያዋጣም።

ከቀድሞው መንገድ፣ ከባንክ ወደ ባንክ ከሚደረገው ዝውውር ልነሳ። በልማድ «በስዊፍት ላክልኝ» እንላለን እንጂ ስዊፍት ገንዘብ አያንቀሳቅስም። እ.ኤ.አ. በ1973 በ15 አገሮች የሚገኙ 239 ባንኮች ቤልጂየም ውስጥ ያቋቋሙት ድርጅት ሲሆን ሥራው ባንኮች የሚለዋወጡትን የክፍያ መልእክት በአስተማማኝ ሁኔታ ማድረስ ነው። ዛሬ ከ11,000 በላይ የፋይናንስ ተቋማት ይገለገሉበታል። ገንዘቡ ራሱ የሚተላለፈው ባንኮች አንዱ በሌላው ዘንድ በከፈቱት ሂሳብ ላይ በሚደረግ የመዝገብ ለውጥ ነው፤ ከአንዱ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይጨመራል። የደንበኛው ባንክና የእናንተ ባንክ እንዲህ ያለ የቀጥታ ግንኙነት ከሌላቸው ደግሞ ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አራተኛ ባንክ መሐል ይገባል። ኮረስፖንደንት ባንክ የሚባለው ይህ ነው። አገልግሎቱን በነፃ አይሰጥም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእናንተ ጋር ምንም ውል ስለሌለው ምን ያህል እንደሚቆርጥ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ፍሪላንሰሮች የማያውቁት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ደንበኛው የማስተላለፊያ ቅጹን ሲሞላ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚመርጥበት ቦታ ያገኛል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው። «አወር» የሚለው ከተመረጠ ወጪው በላኪው ላይ ይወድቃል፤ «ሻ» ከተባለ ላኪው የራሱን ባንክ ወጪ ይከፍልና የቀረው ከተላከው ገንዘብ ላይ ይቆረጣል፤ «ቤን» ከሆነ ደግሞ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይነሳል። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ራሳቸው ቀድመው የሚሞሉት የመሐለኛውን ነው፤ ደንበኛው ስለ ጉዳዩ ካልተነገረው ደግሞ የሚነካው ምክንያት የለም።

በቁጥር እንየው። የ1,000 ዶላር ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ፣ ልካችኋል እንበል። መሐል ላይ ያለው ባንክ 20 ዶላር፣ የእናንተ ባንክ ደግሞ ገቢ ለማድረግ 12 ዶላር ቢወስድ 968 ዶላር ይደርሳችኋል። ደንበኛው «1,000 ልኬያለሁ» ሲል እውነቱን ነው፤ እናንተም «968 ነው የደረሰኝ» ስትሉ እውነታችሁን ነው። የጎደለው 32 ዶላር የማን ነው የሚለውን የሚፈታው ውሉ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የማስተላለፊያ ወጪዎች በሙሉ በከፋዩ የሚሸፈኑ ሲሆን በተቀባዩ ሂሳብ ገቢ የሚሆነው መጠን በኢንቮይሱ ላይ ከሰፈረው መጠን ያነሰ አይሆንም።» «አወር» መመረጡ ብቻውን ሁልጊዜ እንደማይበቃም ልብ በሉ፤ የተቀባዩ ባንክ የራሱን ክፍያ በተናጠል ሊያነሳ ስለሚችል የዓረፍተ ነገሩ ክብደት ያለው «ገቢ የሚሆነው መጠን» በሚለው ላይ ነው።

ይህ ወጪ በአብዛኛው ቋሚ መጠን ያለው በመሆኑ የሚጎዳው አነስተኛ ክፍያን ነው። ያው 32 ዶላር ከ5,000 ዶላር ላይ ሲነሳ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ከ100 ዶላር ላይ ሲነሳ ግን ሲሶውን ያህል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ትንንሽ ሥራ ለሚሠራ ሰው የባንክ ዝውውርን አልመክርም፤ ከአንድ ደንበኛ ጋር በየጊዜው የሚሠራ ከሆነ ግን ኢንቮይሶቹን በወር አንድ ጊዜ አጠቃልሎ ማስከፈል ይችላል።

ስለ መረጃ አሰጣጥም ጥቂት ልበል። የስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ሆሄያት አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ባንኩን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ አገሩን፣ ከዚያ ያሉት ሁለቱ ቦታውን፣ ካሉ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቅርንጫፉን ያመለክታሉ። አይባን የሚባለው የሂሳብ ቁጥር በበኩሉ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ ሁለት የማረጋገጫ አሃዞች አሉት። እነዚህ አሃዞች ቁጥሩን ሁሉ ለ97 በማካፈል የሚሰላ ሂሳብ ውጤት ስለሆኑ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ወይም ሁለት ተከታታይ አሃዞች ቦታ ቢቀያየሩ የላኪው ባንክ ወዲያው ያውቀዋል። ሁሉም አገር ግን አይባንን አይጠቀምም፤ አሜሪካና ካናዳ አይጠቀሙበትም። ማረጋገጫውም ቢሆን ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እንጂ ሂሳቡ የእናንተ መሆኑን አይመሰክርም። ስማችሁን በባንክ ደብተራችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ የአያት ስም ካለ የአያትን ስም ጨምራችሁ፣ ሳታሳጥሩ ለደንበኛው ስጡ። በፕሮፋይላችሁ ላይ የምትጠሩበት የብዕር ስም ወይም የንግድ ስም ከባንኩ መዝገብ ጋር ካልተመሳሰለ ክፍያው ለማጣራት ይቆያል፣ አንዳንዴም ይመለሳል፤ ሲመለስም ተቆርጦበት ነው።

ገንዘቡ ተልኳል ተብሎ ከዘገየ ደግሞ የስክሪን ፎቶ አትጠይቁ፤ የስክሪን ፎቶ ደንበኛው ባንኩን መክፈቱን ከማሳየት ያለፈ ብዙም ማስረጃ አይሆንም፣ በቀላሉም ይቀነባበራል። መጠየቅ ያለባችሁ «ዩ.ኢ.ቲ.አር.» የሚባለውን መለያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በስዊፍት የሚላክ እያንዳንዱ ክፍያ ከመነሻው እስከ መድረሻው የማይቀየር፣ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ሆሄያት ያሉት መለያ ይሰጠዋል። ይህን ይዛችሁ ወደ ባንካችሁ ብትሄዱ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደቆመ መከታተል ይቻላል። «ከውጭ ገንዘብ ይመጣልኛል፣ እስካሁን አልገባም» ብሎ መስኮት ላይ መቆምና ይህን መለያ ጽፎ ማቅረብ እጅግ የተለያዩ መስተንግዶዎችን ያስገኛሉ።

ሁለተኛው ዓይነት መንገድ ድንበር መሻገሩን ከናካቴው የሚያስቀር ነው። አሠራሩን ለመረዳት ዋይዝ የተባለውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት አመሠራረት ማየት ይበቃል። ሁለቱ መሥራቾች ለንደን የሚኖሩ ኢስቶኒያውያን ነበሩ፤ አንደኛው ደመወዙን በዩሮ እያገኘ ለንደን ውስጥ ፓውንድ ያስፈልገው ነበር፣ ሌላው ደግሞ ደመወዙ በፓውንድ ሆኖ ኢስቶኒያ ላለበት የቤት ብድር ዩሮ ይፈልግ ነበር። ባንክን አልፈው አንዱ በሌላው ሂሳብ ላይ በየአገሩ ገንዘብ ያስገቡ ጀመር፤ ድንበር የተሻገረ ሳንቲም አልነበረም። ድርጅቱን በዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2011 አቋቋሙት። ከእሱ ቀደም ብሎ በ2005 የተቋቋመው ፔዮኒርም ለተመዝጋቢው በደንበኛው አገር የሚሠራ የሂሳብ ቁጥር ይሰጣል። የአሜሪካ ደንበኛ እዚያው ላለ ሂሳብ እንደሚከፍል ሆኖ «ኤ.ሲ.ኤች.» በሚባለው የአገር ውስጥ ሥርዓት ይልካል፤ የአውሮፓ ደንበኛ ደግሞ «ሴፓ» በሚባለው የዩሮ ክፍያ ሥርዓት። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ መሠረት የዩሮ አገሮች ባንኮች በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደርስ የዩሮ ዝውውር የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ በዚህ በኩል ያለው ፍጥነት ከስዊፍቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አይጠቀምበትም? አገልግሎቶቹ በሁሉም አገር ለሚኖር ሰው እኩል ክፍት ስላልሆኑ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የምትኖሩበት አገር መፈቀዱን፣ በየትኛው ገንዘብ መቀበል እንደሚቻል፣ ከግለሰብ የሚመጣ ክፍያ ተቀባይነት ያለው መሆኑን፣ በመጨረሻም ከዚያ ወደ አገራችሁ ባንክ ማውጣት መቻሉን አንብቡ። አገራቸው ያልተፈቀደላቸው ሰዎች በሌላ አገር አድራሻ ወይም በዘመድ ስም እንዲመዘገቡ የሚሰጠውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። እኔ በግልጽ እቃወመዋለሁ። ሂሳቡ የሚከፈተው በደቂቃዎች ቢሆንም መታወቂያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ከተጠራቀመበት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለ ሰው የሚያጣው ሂሳቡን ከነያዘው ገንዘብ ነው፤ አቤት የሚልበትም ቦታ የለውም፣ ደንቡን የጣሰው እሱ ነዋ።

ወደ ምንዛሪ ልለፍ፤ ትልቁ ቅናሽ የሚደበቅበት ቦታ ይህ ነው። ባንኮች በመካከላቸው በሚገበያዩበት የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መሐል ላይ ያለ አንድ ተመን አለ፤ ኢንተርኔት ላይ «አንድ ዶላር ስንት ዩሮ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ በአብዛኛው የምታዩት እሱን ነው። ለእናንተ የሚሰጣችሁ ተመን ከዚህ ዝቅ ያለ ከሆነ ልዩነቱ ክፍያ ነው፣ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ክፍያ ተብሎ ባይጻፍም። መካከለኛው ተመን ለአንድ ዶላር 0.90 ዩሮ በሆነበት ቀን 0.873 የተመነዘረለት ሰው ከ1,000 ዶላር ላይ 27 ዩሮ፣ ማለትም ሦስት በመቶ፣ ከፍሏል። «ኮሚሽን አንጠይቅም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ይህን ማካፈል አድርጉ፦ በእጃችሁ የገባውን ገንዘብ በዚያው ሰዓት በነበረው መካከለኛ ተመን ሊገባችሁ ይችል በነበረው አካፍሉት፤ ውጤቱ ከአንድ የሚጎድለው ያህል ተቆርጦባችኋል። ከዚህ የከፋው ሁለት ጊዜ መመንዘር ነው፤ በዩሮ የተከፈለ ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ወደ ዶላር፣ ከዚያ ባንካችሁ ዘንድ ወደ አገር ገንዘብ ሲለወጥ በሁለቱም በር ይቆረጣል። ኢንቮይሱን ሳትመነዝሩ ልታስቀምጡት በምትችሉት ገንዘብ ማውጣት ይህን ያስቀራል።

በፕላትፎርም፣ ማለትም ደንበኛንና ፍሪላንሰርን በሚያገናኝ ድረ ገጽ፣ በኩል የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹን ለፕላትፎርሙ ትተውታል፤ ዋጋውን ግን ይከፍሉበታል። ፋይቨር ከሻጩ 20 በመቶ ይወስዳል። አፕወርክ በ2023 ሁሉንም ወደ 10 በመቶ አምጥቶት ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ግን ለአዳዲስ ውሎች እንደየሥራው ከዜሮ እስከ 15 በመቶ የሚለዋወጥ አድርጎታል። ስለ ጊዜም እንዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። በአፕወርክ በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሥራ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ በኤስክሮው፣ ማለትም ሥራው እስኪጸድቅ ገንዘቡ በአደራ በሚቆይበት ሂሳብ፣ ያስይዛል፤ ሥራው ከቀረበለት በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል፤ ከዚያም አምስት የጥበቃ ቀናት አሉ። ስለዚህ ዝምተኛ ደንበኛ ያጋጠመው ሰው ሦስት ሳምንት ያህል ሳይሞላ ያንን ገንዘብ በእቅዱ ውስጥ ባያስገባው ይሻላል። ደንበኛው ኤስክሮው ውስጥ ገንዘብ ሳያስገባ ሥራ የጀመረ ሰው ደግሞ ኮሚሽኑን እየከፈለ ኮሚሽኑ የሚገዛለትን ጥበቃ ጥሎታል።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን፤ እውነቱን ለመናገር ወደዚህ የመጣሁት በዋናነት ስለዚህ ለመናገር ነው። ሂሳብ ላይ የሚታይ ገንዘብ ሁሉ የተቋጨ ክፍያ አይደለም። የባንክ ዝውውር አንዴ ገቢ ከሆነ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። በካርድ የተከፈለ ግን የካርዱ ባለቤት ባንኩን «ይህን ክፍያ አላዘዝሁም» ወይም «ያዘዝሁት አልደረሰኝም» ብሎ ቻርጅባክ፣ ማለትም ገንዘቡን በባንኩ በኩል የማስመለስ ሂደት፣ ሊያስጀምር ይችላል፤ ለዚህም በዋና ዋናዎቹ የካርድ ድርጅቶች ደንብ በአብዛኛው 120 ቀናት ያህል አለው። ፔይፓል በተባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ደግሞ ከፋዩ ክርክር የሚያነሳበት ጊዜ 180 ቀናት ነው። ግማሽ ዓመት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን አውጥታችሁ ተጠቅማችሁበት ቢሆን እንኳ ክርክሩ ለከፋዩ ከተወሰነ ሂሳባችሁ ዕዳ ያሳያል።

ዲጂታል ሥራ የሚሠራ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ደካማ የሚያደርገው ነገር የፖስታ ደረሰኝ የሌለው መሆኑ ነው። ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የመላኪያ ቁጥር ያቀርባል፤ የሎጎ ንድፍ ወይም የትርጉም ሥራ ያስረከበ ሰው ምን ያቀርባል? የተስማማችሁበትን ዝርዝር፣ ፋይሉ የተላከበትን ቀንና «ተረክቤያለሁ፣ በሥራው ተስማምቻለሁ» የሚለውን የደንበኛ ምላሽ በጽሑፍ ማቆየት ያስፈልጋል። በስልክ ወይም በድምፅ መልእክት የተመሰገነ ሥራ በክርክር ጊዜ እንዳልተመሰገነ ነው። አንዳንድ ደንበኞች ደግሞ ኮሚሽን ለማትረፍ ሲሉ ለወዳጅ ዘመድ በሚላክበት ምርጫ እንክፈል ይላሉ። ለሥራ ክፍያ ያንን መጠቀም የፔይፓልን ደንብ መጣስ ነው፤ ለጥቂት ዶላር ሲባል ሂሳቡን ለእገዳ የሚያጋልጥ ነገር ባይሞከር ይመረጣል።

በዚህች የመመለሻ ጊዜ ላይ የተገነባ ማጭበርበርም አለ። አዲስ ደንበኛ ይመጣል፤ ዋጋ አይከራከርም፣ ስለ ሥራው ዝርዝርም ብዙ አይጠይቅም። 600 ዶላር ተስማምታችሁ 1,000 ይገባል። በማግስቱ እንዲህ የሚል መልእክት ይከተላል፦ «የሒሳብ ክፍላችን በስህተት አብልጦ ልኳል። ይቅርታ እየጠየቅን 400ውን ለማተሚያ ቤቱ ባለሙያ በዚህ ቁጥር እንድታስተላልፍልን እንለምናለን፤ ለድካምህ 50 ዶላር ያዝ።» የከፈለበት ካርድ የተሰረቀ ነው። የካርዱ ባለቤት ሲያውቅ 1,000ው በሙሉ ተመልሶ ይሄዳል፤ እናንተ በማይመለስ መንገድ የላካችሁት 350 ዶላር ግን የእናንተው ገንዘብ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስህተት የመጣ ገንዘብ የሚመለሰው በመጣበት መንገድ፣ ለመጣበት ሂሳብ፣ በሙሉ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ወገን አስተላልፉ የሚል ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ንግግሩ ያበቃል።

የገንዘቡን ማደሪያም ማሰብ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር ሲወድቅ የብሪታንያ ተቆጣጣሪ እዚያ ያለውን ቅርንጫፍ ለጥቂት ቀናት አገደው። ፔዮኒር ለብዙ ደንበኞቹ ይሰጥ የነበረው ካርድ በዚሁ ቅርንጫፍ በኩል የሚወጣ ስለነበር፣ ስለ ዋየርካርድ ሰምተው የማያውቁ ፍሪላንሰሮች ካርዳቸው ላይ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ አቃታቸው። እገዳው በቀናት ውስጥ ተነስቶ ገንዘባቸውን አገኙ። ቢሆንም የቤት ኪራዩን በዚያ ሳምንት መክፈል የነበረበትን ሰው አስቡት። የክፍያ ድርጅት ሂሳብ መተላለፊያ ነው፤ የቁጠባ ቦታ ላድርገው የሚል ካለ ሐሳቡን ቢለውጥ እመርጣለሁ፤ ሁለተኛ የመቀበያ መንገድ ከፍቶ ማቆየትም ይበጃል።

ስለ ክሪፕቶ መጠየቃችሁ ስለማይቀር በአጭሩ ልመልስ። ስቴብልኮይን የሚባሉት፣ ዋጋቸው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠሩ ዲጂታል ገንዘቦች፣ ፈጣን ናቸው፤ ቻርጅባክም የለባቸውም። ነገር ግን በተሳሳተ ኔትወርክ ወይም አድራሻ የተላከ ገንዘብ የሚመልሰው ሰው የለም፤ «ዋጋው አይናወጥም» የሚለውም ሁልጊዜ አልሠራም። ቴራ ዩ.ኤስ.ዲ. የተባለው ስቴብልኮይን በግንቦት 2022 ሙሉ በሙሉ ፈረሰ፤ እጅግ የተሻለ ስም ያለው ዩ.ኤስ.ዲ.ሲ. እንኳ በመጋቢት 2023 ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር የያዘው ባንክ ሲወድቅ ለጊዜው ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። የአገራችሁ ሕግ ከፈቀደ፣ በተቀበላችሁበት ሰዓት የምትለውጡት ከሆነ አማራጭ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሌላ ሙያ ነው።

የአሜሪካ ደንበኞች የሚልኩላችሁን የግብር ቅጽም ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙዎች ይፈሩታል። «ደብልዩ ኤይት ቤን» የሚባለው ቅጽ የአሜሪካ ግብር ከፋይ አለመሆናችሁን የምታረጋግጡበት ሲሆን ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ዓመት እስኪያልቅ ያገለግላል። በዚያ አገር ሕግ የአገልግሎት ገቢ ምንጭ የሚባለው ሥራው የተሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ ከአሜሪካ ውጭ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው በመደበኛው አካሄድ አሜሪካ ለውጭ ሰው ከሚከፈል ገቢ ላይ የምታስቀንሰው የ30 በመቶ ግብር አይመለከተውም። ቅጹን አለመመለስ ግን ከፋዩ ለጥንቃቄ ሲል እንዲቀንስባችሁ ሊያደርገው ይችላል። በምትኖሩበት አገር ያለባችሁ ግብር በዚህ ቅጽ አይነካም፤ ኢንቮይሶቻችሁን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ የሚጠቅመውም ለዚያ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እስካሁን የተናገርሁት ገንዘቡ በትክክለኛው ሂሳብ እንደሚላክ በመገመት ነው። ሌቦች የፍሪላንሰሩን ወይም የደንበኛውን ኢሜይል ሰብረው ከገቡ በኋላ የሚያደርጉት ምንም አይደለም፣ ዝም ብለው ማንበብ ነው፤ ኢንቮይሱ የሚላክበት ቀን ሲደርስ በእናንተው አድራሻና በእናንተው አጻጻፍ «የባንክ ሂሳቤ ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። ደንበኛው ይከፍላል፤ ገንዘቡ ወደ ሌባው ይሄዳል፤ ሁለታችሁም ያለጥፋታችሁ ትካሰሳላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኢንቮይስ ጋር አብራችሁ ጻፉለት፦ የሂሳብ ለውጥ ካለ በኢሜይል ብቻ እንደማትነግሩት፣ በሚያውቀው ስልክ ራሳችሁ ደውላችሁ እንደምታረጋግጡለት፣ ጥሪው እስኪደርሰውም ወደ አዲሱ ሂሳብ ምንም እንዳይከፍል። የኢሜይላችሁን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ክፈቱት። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።